ሽማግሌዎች የገጠሟት ፒካፕ

የካምቢዮ ዘይት ሽታ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው፤ እኔን ግን ያስቀኛል። ጋራዥ አጠገብ ሳልፍ፣ ያ የተበላሸ እንቁላል ከሽንኩርት ጋር የተጠበሰ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው መንገድ ላይ ብቻዬን መሳቅ እጀምራለሁ። የሚያየኝ ሰው አበደች ይላል። ምን ላድርግ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ ግንቦት ሙሉ ሸዋ ሮቢት ግቢያችን ውስጥ ዳቦውም፣ ሻዩም፣ የአልጋ ልብሱም እሱን እሱን ይሸት ነበር። አባዬና አጎቴ ሰይድ አሮጌዋን ፒካፕ በገዛ ቤታችን፣ በገዛ እጃችን ፎር ዊል እናደርጋታለን ብለው የተነሱበት ግንቦት ነው።

አጎቴ ሰይድ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ፒካፗን ከአባዬ ጋር በሽርክና የገዟት ሽንኩርትና ማንጎ ሊያመላልሱባት ነበር። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ እንደነበር ይወራል። አስፋልት ላይ ምንም አትልም፤ የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ስለሚገፏት ግን አሸዋ ከነካች እንደ ሰነፍ አህያ እዚያው ትተኛለች። ፎር ዊል ከሆነች የፊቶቹም ይጎትታሉ፤ አራቱም ከሠሩ የማይወጡት አሸዋ የለም። ይህን ያስረዳኝ አጎቴ ሰይድ ነው። እኔ የገባኝ ግን ሁለቱ ጎማ ለመሄጃ፣ ሁለቱ ለመመለሻ እንደሚሆን ነበር። በኋላ እንደምታዩት፣ ከሁሉም ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በእናና ዓይን ነው። እናና የእማዬ እናት ናት። ከጀውሃ ወረድ ብሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ባለች መንደር ትኖር ነበር። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት እኛን የምትለየን በድምፃችን ብቻ ነበር፤ እኔን እንዲያውም ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ አይታኝ አታውቅም። በዚያ ዓመት ሰኔ ሲገባ ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ወደ ከተማችን እንደሚመጡ ባጃጅ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። እማዬ ያን ቀን ቁጭ ብላ አልዋለችም። አባዬን ያዘችው፣ ወንድሟን ያዘችው፤ እናቴ ዓይኗ ሳይበራ እኔ ዘንድ እህል የሚበላ የለም አለች። የእማዬ ቃል ደግሞ ቃል ነው።

እናና ግን ዓይኔን ብረት አይነካውም ባይ ናት። ፈርታ ነው፤ ፈራሁ እንዳትል ደግሞ ኩራቷ አያስችላትም። ወገቧ ስለማያስኬዳት በቃሬዛ ሰው ተሸክሞ ያምጣሽ ቢሏት፣ በቃሬዛ የምወጣው ስሞት ነው አለች። ግመል ቢሏት፣ ግመል ቂመኛ ነው አለች። ልመናው ሲበዛባት ማንም የማይፈታው የመሰላትን ቃል ተናገረች። «መኪና በሬ ድረስ ከመጣ እሄዳለሁ፤ ወላሂ።» እሷ ደጃፍ መኪና ደርሶ አያውቅም፤ በመሃል ያለው ወንዝ በበጋ አሸዋ፣ በክረምት ጎርፍ ነው። ተገላገልኩ ብላ ተኛች። ሰይድን የወለደችው እሷ ሆና የሰይድን ነገር ረሳችው።

አጎቴ ሰይድ አንድ የኮምቦልቻ ሰው ፒካፑን ፎር ዊል አደረገ ሲባል ሰምቷል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ቀን ከሌት ስልኩ ላይ ተደፍቶ ሰዎች መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ ያይ ጀመር። የሚያወሩት እሱ በማያውቀው ቋንቋ ነው፤ እሱ ግን እጃቸውን ሲያወዛውዙ ይገባኛል ይላል። በእጅ ውዝዋዜ የተረዳው እንግዲህ ሁለት ነገር እንደሚያስፈልግ ነው። አንደኛው የፊት ጎማዎቹን የሚያዞር ዲፈረንሻል፣ ሁለተኛው ደግሞ የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ የምታካፍል ትንሽ ካምቢዮ። ዲፈረንሻሉን እሱ ሊፈልግ ወደ ደሴ፣ ካምቢዮዋን አባዬ ሊፈልግ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እዚያ ሆነው መደዋወል አይገባም ነበር ትላላችሁ? ይገባ ነበር። ግን እያንዳንዳቸው ሌላውን ሊያስደንቁት ፈለጉ።

የዲፈረንሻሉ አገባብ እስካሁን በሰፈራችን ይወራል። ከአውቶቡስ ጣሪያ አስፋልቱ ዳር አወረዱት። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ብረት ነው፤ ወደ አንድ ጎኑ ሆዱ አብጧል። ባጃጁ ሁሉ ክብደቱን እያየ እምቢ አለ። አጎቴ ሰይድ ምን ያድርግ፤ የቅሬያችንን፣ የሰፈሩን እድር ቃሬዛ፣ ያንኑ ሬሳ የምንሸኝበትን፣ ለምኖ አመጣ። ብረቱን አጋድሞ፣ ዓይን እንዳያርፍበት ብሎ ጋቢ አለበሰውና ከጓደኞቹ ጋር በትከሻቸው ተሸከሙት።

በእኛ አገር ጀናዛ ሲያልፍ ያየ ወንድ ተቀምጦ አይቀርም። ሻይ ቤት የነበሩት ተነሱ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን በግማሽ ተላጭቶ ትቶት መጣ፤ ደንበኛውም ተከተለ። ትከሻ እየተቀባበሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ማን እንደሞተ አንዱም አልጠየቀም፤ እያንዳንዱ ጎኑ ያለው ያውቃል ብሎ ነው። አጎቴ ሰይድና ጓደኞቹ እንዳይናገሩ ክብደቱ ትንፋሽ አሳጥቷቸዋል። እኛ በር ሲደርሱ ሰፈሩ በሙሉ ከኋላ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ፋጤ ገና ስታየው እሪ አለች።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ጋቢው ስር የተጋደመውን ሳይ እናናን አወቅኋት። በቃሬዛ የምወጣው ስሞት ነው ብላ የለ? ሞታለች ማለት ነው። እሪታዬን ስለቀው እማዬ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ወጣች፤ ቃሬዛውን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ከነሊጧ በሩ ስር ተቀመጠች። አጎቴ ሰይድ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ጋቢውን ገለጠና «ብረት ነው፣ እህቴ» አለ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ግቢውን ሦስቴ አዞረችው። ለቀስተኛው ሊበተን ሲል ግን ስርዓት ነውና አስቀምጣ ሻይ አጠጣችው። ፀጉር አስተካካዩም ደንበኛውን እዚያው ጨረሰው።

የአባዬ ካምቢዮ በማግስቱ በሰላም ገባች፤ በባጃጅ፣ እንደ እንግዳ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ። ሁለቱን ብረት ጎን ለጎን ሲያስተያዩአቸው ግን ጉድ ፈላ። የአጎቴ ሰይድ ዲፈረንሻል ሆዱ ያበጠው በቀኝ በኩል ነው፤ የአባዬ ካምቢዮ ለፊት ኃይል የምትሰጠው በግራ በኩል ነው። የሚያገናኛቸው ዘንግ ቢታሰር ሞተሩን በሰያፍ ሰንጥቆ ካላለፈ አይሆንም። አባዬ ብረትህን መልስ አለ። አጎቴ ሰይድ አንተ መልስ አለ። ከዚያ አንቱ መባባል ጀመሩ፤ እነሱ አንቱ ከተባባሉ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። አንዱ ማታ ማታ ከኒሙ ዛፍ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ሆኖ ጫቱን ይቅማል፤ መኪናዋ በመሃል ሆዷ ተዘርግፎ ቆማለች፤ ዶሮዎቻችን ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ። እማዬ ቀኑ ሲሄድባት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ሰኔ እየቀረበ ነው።

በመጨረሻ እማዬ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከች። ሸህ ይማም ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ሸህ ይማም የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የደም ጠብ ሳይቀር አስታርቀዋል፤ ዲፈረንሻል ግን አስታርቀው አያውቁም። ከቀትሩ የዱሁር ሶላት በኋላ ኒሙ ስር ተቀምጠው ነገሩን ልክ እንደ መሬት ክርክር ሰሙት። ቀድሞ የገዛው ማነው አሉ። ምስክር አለ ወይ አሉ። ዲፈረንሻሉንም ካምቢዮዋንም አስቀርበው በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጓቸው። ከዚያ ለብቻቸው ተመካክረው ፈረዱ። የሰይድ ብረት አይመለስም፤ ከተመለሰ ሰይድ ይዋረዳል። የአማቹም አይመለስም፤ እሱም ይዋረዳል። ዲፈረንሻሉ ግን ተገልብጦ፣ ጀርባው ወደ ታች ሆኖ ይግባ። ያኔ ሆዱ ወደ ግራ ይመጣል፤ የሁለቱም ቃል ይከበራል።

ግቢው ሁሉ እንዴት ያለ ፍርድ ነው አለ። እውነትም ሲገለብጡት ሆዱ ልክ ካምቢዮዋ ፊት መጣ። እርቁ እንዲጸና ፋቲሃ ተቀራ፤ አባዬና አጎቴ ሰይድ ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። በያጁን ጠርተው ይሄ ነገር ይሆናል ወይ ቢሉት፣ እኔ የተባልኩትን እበይዳለሁ፣ እርቅ ውስጥ አልገባም አለ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ጦፈ። ከኒሙ ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት አንጠልጥለው የመኪናዋን አፍንጫ ሰቀሉ። ብየዳ ሲበየድ እንዳላይ ተከልክዬ ፊቴን ወደ ግንብ አዙሬ እቆማለሁ፤ ግንቡ ላይ ጥላዬ ብልጭ ድርግም ሲል ጂን የሚጫወትበት ይመስለኝ ነበር። ሙቀቱ የሸዋ ሮቢት ግንቦት ነው፤ ጥላ ስር ያልዋለ ቁልፍ በባዶ እጅ አይነሳም። አባዬ በሽርጥ መኪናዋ ስር ይገባል፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። እግሩ ዝም ካለ ብሎን እየፈታ ነው፤ አውራ ጣቱ ከተነሳ ብሎኑ እጁ ላይ ወድቋል ማለት ነው። እማዬ በየቀኑ አንገቷን አስግጋ ስንት ቀረ ትላለች። ትንሽ ነው ይሏታል። ትንሹ አላልቅ አለ።

ያለቀችው ሐኪሞቹ ከመጡ በኋላ፣ ሳምንቱ ሊገባደድ ሲል ነው። ለሙከራ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አባዬ ሞተሩን አስነሳና አዲሱን መጫሪያ፣ ፎር ዊሉን የሚያስገባውን እጀታ፣ ሳብ አድርጎ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናዋ አጓራች። ተንቀጠቀጠች። የፊት ጎማዎቿ አፈር ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ አፈር ወደ ኋላ እየበተኑ ባለችበት ጉድጓድ ቆፍራ ተቀመጠች። ዶሮ ከነጫጩቷ ከጋቢናው ዘላ ወጣች። አንዱ ፍሬን ይዟት ነው አለ፣ ሌላው ዓይን ነው አለ። በክሪክ አንስተው ጎማዎቹን አየር ላይ ሲያዞሯቸው ነገሩ ፍንትው አለ። የኋላዎቹ ወደ ፊት ይዞራሉ፤ የፊቶቹ ወደ ኋላ ይዞራሉ። ዲፈረንሻል ሲገለበጥ አዟዟሩም ይገለበጣል ለካ። የኋላው ካራቆሬ ልግባ ሲል የፊቱ ደብረ ሲና ይላል። እኔ ግን አልተደነቅሁም፤ ሁለቱ ለመሄጃ ሁለቱ ለመመለሻ መሆኑን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር።

አሁን ብረቱን መልሶ ማገላበጥ ነው አይደል? አይደለም። ሸህ ይማም መጥተው ጎማዎቹን አዩ፤ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጓቸው። ከዚያ ፋቲሃ የተቀራበት እርቅ አይገለበጥም አሉ። አባዬም አጎቴ ሰይድም ወዲያው እውነት ነው አሉ። እንደ እውነቱ ግን ይገልበጥ ያለ ሰው ሌላውን ልክ ነበርክ ማለቱ ስለሆነ ነው። እማዬ ሁለቱንም እያየች፣ በፎር ዊል ባትሆን መኪናዋ በድሮ እግሯ ትሂድ፣ ነገ እናቴ እዚህ ካልደረሰች ሐኪሞቹ ይሄዳሉ አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ለዚህ ይሆናል ማንም ያልተከራከራት።

በማግስቱ ጠዋት አዲሱን መጫሪያ ማንም እንዳይነካው ታዞ፣ በድሮው በኋላ ጎማ ብቻ ወጣን። እናና የማለችውን እንዳታጥፍ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከእማዬ ጋር ከኋላ ተጫኑ። እኔም እጇን ይዤ እንዳመጣት ተወሰድኩ። ወደ ወንዙ ቁልቁለት ነው፤ የጎማውን አየር ቀንሰን፣ አጎቴ ሰይድ ከፊት እየሮጠ ጠንካራውን አሸዋ እየመረጠ፣ ላብ በላብ ሆነን ተሻገርን። እናና በር ላይ ጥሩምባ ተነፋ።

እናና ወጣች። በእጇ መኪናዋን ከመብራቷ እስከ ጭራዋ ዳሰሰቻት፤ በር መሆኑን፣ ጎማ መሆኑን አረጋገጠች። ማምለጫ ስትፈልግ ያስታውቃል። ሸህ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናና ድምፃቸውን ስታውቅ ትከሻዋ ወረደ። ልብሴን አምጡልኝ አለች።

ስንመለስ ደጋው ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ ግን ደጋው ከዘነበ ወንዙ ሳይታሰብ ይመጣል፤ ይህን በአገራችን ልጅ እንኳ ያውቃል። የወንዙ መሃል ስንደርስ፣ ዳገቱ ጋ ሳንቀርብ፣ የኋላ ጎማዎቹ በአሸዋ ተዋጡ። አባዬ ቤንዚን በሰጣት ቁጥር ትሰምጣለች። ሽማግሌዎቹ ወርደው ገፉ፤ ምንም የለም። እናና ጋቢና ውስጥ እጄን ጨብጣ፣ የቆምነው የት ነው አለችኝ። ዳር ነው አልኳት። ውሃ አይመጣም ወይ አለች። አይመጣም አልኳት። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

አባዬና አጎቴ ሰይድ ከሙከራው ወዲህ አንቱው ተመልሶባቸዋል፤ ይሄኔም አንቱ እየተባባሉ ነው። እርስዎ ቢያስነሱት፣ የለም እርስዎ ቢያዩት ይላሉ። እማዬ ከኋላ ወረደች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«የፊቱ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያውቀው አላላችሁም?» አለች። «እንግዲያው ወደ ኋላ በሉት። ምን ያስፈራችኋል? እናቴን አውጡልኝ እንጂ የምትሄድበት ማርሽ ለእኔ ምኔ ነው?»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። የኋላ ማርሽ ቢገባ የተገለበጠው የፊት ጎማ ወደ ፊት ይጎትታል። የኋላዎቹ ብቻ ናቸው የሚያስቸግሩት፤ እነሱን ደግሞ ከሞተሩ መፍታት ነው።

«ሰይድ፣ የኋላውን ዘንግ ፍታው» አለ አባዬ። አንቱ ቀረ።

አጎቴ ሰይድ በሆዱ ገባ፤ አባዬም ተከተለው። ብሎኖቹ አሸዋ ውስጥ እየወደቁ ጠፉ፤ የፈለጋቸው የለም። ዘንጉን አውጥተው ከኋላ ጣሉት። አባዬ አዲሱን መጫሪያ ሳበና የኋላ ማርሽ አስገባ፤ የፊት ጎማዎቹ ዞሩ፤ ግን ክብደት ስለሌላቸው አሸዋውን ላሱት እንጂ አልያዙትም። ያኔ እማዬ ዞራ ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። ከዚያ ኮፈኑን አየች። ሸህ ይማም ገባቸው። ጥምጣማቸውን አጥብቀው፣ ቢስሚላህ ብለው ኮፈኑ ላይ ወጡ። የፈረዱት ሦስቱም ኮፈኑ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ኮፈኑ የጋለ ነው፤ አንዱ ሽማግሌ ቂጣቸውን እያነሱ እያስቀመጡ ላኢላሀ ኢለላህ ይላሉ። ሸህ ይማም የመስታወት መጥረጊያውን እንደ ልጓም ጨብጠዋል።

መኪናዋ አላዘነች፣ አላዘነችና ያዘች። የኋላ ማርሽ ገብቶ፣ ወደ ፊት፣ ቀስ እያለች ዳገቱን ወጣች። ሽማግሌዎቹ ስለጋረዱት አባዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። አፋፉ ላይ እንደወጣን ከወንዙ ላይኛ በኩል እንደ ድንጋይ ናዳ ያለ ድምፅ ሰማን። ውሃው የቆምንበትን አሸዋ ሸፍኖት አለፈ። እናና ምንድነው አለችኝ። ዘንድሮ ክረምቱ ቀደመ አላት አባዬ። እማዬ ግን አፋፉ ላይ ተደፍታ ምድሪቱን ስማ ተነሳች።

ብሎኖቹ ወንዝ ቀርተዋልና ያለን ማርሽ አንድ፣ እሱም የኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ከኮፈኑ ወርደው ከኋላ ተጫኑና አስፋልቱን በእሱ ያዝነው። ከኋላችን ያለው ሹፌር ሁሉ የኋላ ማርሽ መብራታችን በርቶ ሲያይ ወደ እኔ መጡብኝ ብሎ ፍሬን ይይዛል፤ እኛ ደግሞ እየራቅነው እንሄዳለን። ጀውሃ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። መብራቱን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ከኋላ የተጫኑትን ሽማግሌዎች አየ። ወዴት ነው የምትሄዱት ሲል ወደ ፊት ነው አለው አባዬ። ሸህ ይማም እናናን ጠቁመው ዓይኗን ልናሳይ ነው አሉት። ፖሊሱ ትንሽ አሰበና፣ ፊሽካውን ነፍቶ ከኋላ ያሉትን መኪኖች አቆመልን።

ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ማሸግ ጀምረው ነበር የደረስነው። እማዬ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ብቻ ሳጥኑን እንደገና ከፈቱት።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ አልጋውን ከበን ቆመናል። እናና ዓይኗን አርገበገበችው። እንባ ወረዳት፣ ጠረገችው፣ ከዚያ በየተራ ታየን ጀመር። አባዬን ሸብተሃል አለችው። አጎቴ ሰይድን ይሄን ሆድ ከየት አመጣኸው አለችው። እኔን አይታ ይቺ የማን ናት አለች፤ ሐዋ ነኝ ስላት ድምፄን ሰምታ ሳቀች። እማዬ ከሁላችንም ኋላ ነበር የቆመችው። እናና ጠራቻት። ቀረበች።

«አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

እማዬ ሳቋና ለቅሶዋ ተቀላቀለባት። አባዬንና አጎቴ ሰይድን በአገጯ አሳየቻት። «በዚህ ግንቦት ነው፣ እናቴ። እነዚህ መኪና ሲሠሩ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ነርሷም ሳቀች። እናና ግን አልሳቀችም። የእማዬን ሁለት እጆች ይዛ፣ ፊቷን እስክትጠግብ ድረስ አየቻት።